ሳይቆጠር ያለቀው የሞጣ ቴኒስ

ባለፈው የገበያ ቀን ሞጣ ውስጥ ሻይ ቤት ገብቼ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ልጆቹ እግር ኳስ ይጠብቃሉ፤ ሰዓቱ ስላልደረሰ ይሆናል፣ ሁለት ሴቶች ቀይ አፈር ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ ፀጉራም ኳስ ይማታሉ። አፈሩን ሳይ ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። ልሙጥ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ የደረቀ፣ እግር ሲጎተትበት መስመር የሚይዝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ዓይኔ ቢደክምም ቀለም አልስትም። ያ ቀይ የሞጣ ቀይ ነው። ከውጭ አገር የመጣ ነው ብትሉኝም ዋጋውን አልቀንስላችሁም።

«አያ አበጀ፣ ቴኒስም ያያሉ?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠ የባጃጅ ሹፌር። ሳልጠይቀው ያስረዳኝ ጀመር። ውድድሩ የሴቶች ብቻ ነው፤ የሚካሄደው አፈር ላይ ነው፤ ረጅም ታሪክ አለው፤ ሴቶቹም ለመዝናናት የመጡ አይደሉም፣ ሥራቸው ነው፣ ይከፈላቸዋል።

«እኛም ነበረን» አልሁት።

«ምን ነበረን?»

«ይኸው ራሱ። የሴቶች፣ አፈር ላይ፣ ቀለብ እየተሰፈረላቸው። አንድ ዓመት ቢቸና፣ አንድ ዓመት ሞጣ።»

ልጁ ወደ ባለቤቲቱ ዞረና «እቴ፣ የአያ አበጀ ሻይ ውስጥ ምን ጨምረሽበት ነው?» አላት። ቤቱ ሳቀ። አልፈረድሁባቸውም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ይሄስ ከየት የመጣ ቡትቶ ነው?» ብዬ አገላብጬ አየው ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ለመሳቅ የሚሆን ሆድ አልነበረኝም። ሞጣ የመጣሁት ለጨርቅ ብቻ አልነበረም፤ የሰው አደራ ይዣለሁ። ቀኑን ሙሉ አደራውን ላለማድረስ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ውዬ ነው ሻይ ቤት የገባሁት።

አደራው የጥሩዬ ነው። ጥሩወርቅ ማለት ናት፤ ቢቸና ሁላችንም ጥሩዬ እንላታለን። ከክረምት ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ልጠይቃት ብርቱካን ይዤ ብሄድ፣ ገና ሳልቀመጥ «አበጀ፣ ያን ቀን እኔና የሞጣዋ ዘሀራ ኳስ ስንጫወት ያሸነፈው ማን ነው?» አለችኝ። መጀመሪያ ትኩሳት መሰለኝ። ልጇን አየኋት፤ እሷም ትከሻዋን ሰበቀች። «ያቺ ፈረንጅ ማዳም ስትጠይቀኝ ዘሀራ ናት አልሁ» አለች ጥሩዬ። «አሁን ተኝቼ ሳስበው፣ እውነቴን ነው ወይስ ይሉኝታ ይዞኝ ነው? ተሸንፌ ከነበረ እውነት ተናግሬ ነው የቀረሁት፤ ደግ። አሸንፌ ከነበረ ግን ዕድሜዬን በአንድ ቃል ጣልሁት ማለት ነው። ሳልሞት አንዱን ልወቅ። ሞጣ ስትሄድ ዘሀራን ጠይቅልኝ።»

እንግዲህ ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለኝ አይጠፋም። ከመጀመሪያው ልነሳ፤ መጀመሪያውም ራሱ ደብዝዞብኛል። ንጉሡ ነበሩ ወይስ ወርደው ነበር? ትዝ የሚለኝ ስሙኒ ገበያ ወጥታ ባዶዋን የማትመለስበት ዘመን መሆኑ ነው። ሻይ በሽልንግ ሳይሆን በአምስት ሳንቲም፣ አቡጀዲ በክንድ፤ በክንድ ስል የሻጩ ክንድ ነው፣ የእኔ ደግሞ አጭር ነበር። ጎበዝ የተባለ ቴትሮን ሱሪ ያስለካል፣ ኮንጎ ጫማውን በሎሚ ልጣጭ ያሻል። ከሬዲዮው ዘፈን የሚሰማው ባትሪው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲሞቅ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ወንዱም ሴቱም ዘፋኝ እኩል በወፍራም ድምፅ ይዘፍናል። ያኔ መንገድ ሊሠራ የመጣ የፈረንጅ ካምፕ ቢቸና ሰፈረ። ዛሬ በሚኒባስ የምንመላለስበት በደብረ ወርቅና በግንደወይን የሚያልፈው መንገድ ያኔ ተቆፈረ፤ ኋላም ተቆፈረ፤ አሁንም የሚቆፍሩት ይመስለኛል።

የመሐንዲሱን ሚስት ማዳም እንላት ነበር። አገሯ ስትጫወት የኖረች ናት፤ ያለ ቴኒስ መቀመጥ አልቻለችም። ከካምፑ ጀርባ መሬት አስደልድላ፣ የቃጫ መረብ አስወጥራ፣ አብሯት የሚጫወት ሰው አጣች። ወንዶቹ ድንጋይ ሲፈነቅሉ ውለው ኳስ ማየት አይፈልጉም። በመጨረሻ የካምፑን ልብስ የምታጥበውን ጥሩዬን ጠራቻት። ጥሩዬ ያኔ ክንዷ ልብስ በመጭመቅ የጠነከረ፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ልጅ ናት። መምቻውን እንደ ልብስ መውቂያ ያዘችው፤ ኳሷን ካምፑን አሻግራ ጎመን ማሳ ውስጥ ጣለቻት። ማዳም አጨበጨበች ይባላል። ካምፑ ሥራውን እየገፋ ወደ ሞጣ ሲሄድ ደግሞ ዘሀራ ተገኘች። አባቷ ሞጣ የታወቀ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ ከአባቷ ጋር ካምፑ ድረስ ሸቀጥ ታመጣለች። ሻርፗን አገጯ ስር ቋጥራ፣ ከቀሚሷ ስር ሱሪ ለብሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ የምትሮጥ ልጅ ናት። ጥሩዬ ኳስ ስትመታ ታጓራለች። ዘሀራ ኳስ ስትመታ የሚሰማው የኳሷ ድምፅ ብቻ ነው።

ነጋዴ ሰው ሁለት ከተማ ሲፎካከር ካየ ዝም አይልም። እኛ የቢቸና ነጋዴዎች ለጥሩዬ ቀለብና ልብስ ችለን ከእጥበት አወጣናት፤ የሞጣዎቹ ለዘሀራ እንደዚያው አደረጉ። የእኔ ድርሻ ነጭ አቡጀዲ ቀሚስ ነበር። ነጭ መሆኑን አሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ዘሀራ ክሬም ነው ትላለች፣ ጥሩዬ ሰማያዊ ጥለት ነበረው ትላለች። ለማንኛውም ከእኔ ሱቅ ነው። ጥሩዬ በሮጠች ቁጥር ሕዝቡ ጨርቁን ያያል፤ በማግስቱ ይመጣል። እናም የባጃጁ ሹፌር «ይከፈላቸዋል» እያለ ሲደነቅ፣ እኔ ከፋዩ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ከተማው «ኳስ መቺ ደሞዝተኛ» እያለ ይሳለቅባቸው ነበር። ቄሱ ግራ ገባቸው፣ ሼኩ ግራ ገባቸው፤ የቅኔ ተማሪዎች አንድ ቀን መጥተው አይተው ሳይናገሩ ተመለሱ። እነሱ ዝም ካሉ ነገሩ በእርግጥ ከባድ ነው።

ያስቸገረን አፈሩ ነው። የቢቸና አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ኳሷ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ቀረች፤ ጥሩዬ በሆዷ ተኝታ እስከ ብብቷ ክንዷን ከትታ ፈለገቻት፣ አላገኘቻትም። ከዚያ ማዳም ቀይ አፈር ከሞጣ በገልባጭ መኪና አስጭና አመጣች። እሱን ያየ የሞጣ ሰው ዝም ይላል? በየጨዋታው «ቢቸና ሆይ፣ አፈራችንን መልሽ!» ይሉናል። እኛም «ጭቃችሁን ስለቀነስንላችሁ አመስግኑ» እንላለን። በአፈር የተጣላ ሕዝብ ብዙ አይቻለሁ፤ በተበደረው አፈር ላይ ቆሞ የተሰዳደበ ግን እኛን ብቻ ነው።

በመጨረሻው ዓመት ተራው የሞጣ ነበር። የካምፑ ሜዳ ግን የማሽን ማቆሚያ ሆኖ ዘይት በዘይት ሆነ። ማዳም ስትዞር ከከተማው ዳር የአያ ስማቸውን አውድማ አየች። ቀይ አፈር፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ፣ በእበት ተለቅልቆ የደረቀ። ሰውየው ጤፉን ወቅቶ እህሉን አስገብቷል። ለመነችው። አያ ስማቸው ጨዋ ገበሬ ነው፤ እንግዳ አያሳፍርም። ይሁን እንጂ አውድማ ሜዳ አይደለም። አውድማ ላይ ጫማ አይገባም፤ አውድማ ላይ እንዳገኙ አይወራም፤ ከሁሉም በላይ አውድማ ላይ ድምፅ አውጥቶ መቁጠር በረከት ያሸሻል። ሰውየው እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ በአስተርጓሚ አስነገራት። «ጫማቸውን ያውልቁ፣ ስድብ አይኑር፣ ቁጥር አይጠራ። ከዚያ ወዲያ እንደፈለጋችሁ ዝለሉ።»

ማዳም ጫማውን እሺ አለች። ቁጥሩ ላይ ግን ፊቷ ቀላ። «ካልተቆጠረ ያሸነፈችው በምን ትታወቃለች?» አለች።

«ያሸነፈማ ይታወቃል» አለ አያ ስማቸው። «ጎተራው የሞላው ስለተቆጠረ ነው?»

እኔ በቦታው ነበርሁ፤ ሰውየው ልክ መስሎኝ ነበር። የቴኒሱ ቁጥር ራሱ ቢጠራም ባይጠራም ለእኔ አንድ ነው። አሥራ አምስት ይላሉ፣ ሠላሳ ይላሉ፣ ከዚያ አርባ። ሠላሳ ላይ አሥራ አምስት ሲጨመር አርባ አምስት ነው፤ አምስቷን ማን እንደሚወስዳት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔ እንዲህ ብሸጥ ኖሮ ከገበያ በድንጋይ ባባረሩኝ ነበር።

ዘሀራና ጥሩዬ አውድማውን ራሳቸው እበት አቡክተው እንደገና ለቀለቁት፤ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ እስከ ክርናቸው። ማዳም አፍንጫዋን ይዛ ቆማ ነበር፤ ሲደርቅ ግን በመዳፏ ዳሰሰችውና አፍንጫዋን ለቀቀች። ያ ሽታ፣ ያ የደረቀ እበትና የውሃ ሽታ፣ ቴሌቪዥን ላይ የለም፤ እኔ ግን ሻይ ቤት ተቀምጬ ሸተተኝ። ቴሌቪዥን ላይ ያሉት ሴቶች አፈሩን ሌላ ሰው ጠረገላቸው፤ ጫማም አድርገዋል።

ያን ዓመት መንገዱ አልቆ ካምፑ ሊነሳ ነው። ስለዚህ ማዳም አንድ ነገር ተናገረች። ያሸነፈችውን አዲስ አበባ ይዣት እሄዳለሁ፤ ፈረንጆች የሚጫወቱበት ክበብ አለ፣ በደሞዝ ታስተምራለች፣ ትጫወታለች፣ ከዚያም ወዲያ እግዜር ያውቃል አለች። ይሄ ሲነገር ሁለቱም ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ጥሩዬ እናቷ ዕድሜ ልኳን አጣቢ፣ እሷም ከዚህ በኋላ ወደ እጥበቱ ተመላሽ ናት። ዘሀራን አባቷ ለአንድ የእህል ነጋዴ ሊድራት አስቧል፤ ልጅቱ ካሸነፈች ግን «ቃል ነው፣ ትሂድ» ብሏል። ሁለቱም ፈልገዋል። እንደ ውሃ ጥም ፈልገዋል።

የዚያን ቀን ጨዋታ ልተርክ እሞክራለሁ፣ ይጠፋብኛል። ባዶ እግራቸውን ናቸው። አቧራው ይነሳል፤ መስመሩ የተሰመረው በአመድ ስለነበር ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። ሞጣ እልል ሲል ዘሀራ ነጥብ ያገባች ይመስለኛል፤ ቢቸና እልል ሲል ጥሩዬ። ሁለቱም አንድ ላይ እልል ያሉበት ጊዜ አለ፤ ያ የማን ነበር? ባለፉት ዓመታት አንዷ ቀድማ ትደክማለች፣ ነገሩ ይለያል፣ ቁጥር አላስፈለገም። ያን ቀን አንዷም አልደከመች። ማዳም ብልጥ ናት፤ ድምፅ ሳታሰማ ጠጠር ከግራ ኪሷ ወደ ቀኝ ኪሷ ታዛውር ነበር። አያ ስማቸው አያት። መጥቶ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠና በአስተርጓሚ ወግ ጀመረ። አገርሽ ጤፍ አለ? በሬ ወይስ ማሽን ነው የሚያርስላችሁ? እናትሽ አሉ? ጠጠር በያዘች ቁጥር ይጠይቃታል፤ በመለሰች ቁጥር ጠጠሩ ይጠፋታል። በመጨረሻ ሁለቱም ኪሷ ውስጥ ያለው ጠጠር ምን ማለት እንደሆነ እሷም አላወቀችም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ልጆቹ ቆሙ። ማዳም ጠራቻቸው። «እናንተ ታውቃላችሁ። ያሸነፈችው የትኛዋ ናት?» አለች በአስተርጓሚው።

ጥሩዬ ገና እየተነፈሰች «ዘሀራ ናት» አለች።

ዘሀራ አቀርቅራ «ጥሩዬ ናት» አለች።

ሰው ፊት፣ ሽማግሌ ፊት፣ አባት ፊት «እኔ ነኝ» የሚል ልጅ የትኛው ቤት ነው ያደገው? ማዳም ይሄን አላወቀችም። ደግማ ጠየቀች፤ ደግመው መለሱ። ሦስተኛ ስትጠይቅማ ሕዝቡ በጨዋነታቸው ተደስቶ ያጨበጭብ ጀመር። አያ ስማቸው «ልጆቻችንን አየሻቸው?» አላት። ማዳም መሄድ አልፈለጉም ብላ ነው መሰለኝ፣ አቀፈቻቸው፣ መምቻዎቹን ሰጠቻቸው፣ በሳምንቱ ካምፑ ተነሳ። ማንም አልሄደም። ጥሩዬ የጤና ጣቢያ ልብስ አጣቢ ሆና ጡረታ ወጣች። ዘሀራ እህል ነጋዴውን አገባች። ውድድሩም እዚያው ቀረ፤ ሞጣ «አሸንፈናል» ይላል፣ ቢቸናም «አሸንፈናል» ይላል፣ ከሁለቱ ሴቶች አንዷም አሸነፍሁ ብላ አታውቅም።

ሻይ ቤት ውስጥ እግር ኳሱ ሲጀመር ተነሳሁ። ዘሀራ ከልጇ ሱቅ በረንዳ ላይ አጎዛ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትለቅማለች። ተሳሳምን። የሞጣን ወሬ ጠየቅኋት፣ የቢቸናን ጠየቀችኝ፤ መንገድ መቼ ተከፈተ፣ መቼ ይዘጋል ተባባልን። ከዚያ ጥያቄውን እንዳለ አስቀመጥሁላት።

በርበሬ መልቀሟን አላቆመችም። «እንዴት ናት?»

«አልጋ ላይ ናት።»

«ትበላለች?»

«ልጇ ትለማመጣታለች።»

አንድ ዛላ አንስታ በፀሐይ አገላብጣ አየችው፣ ጣለችው። «እኔ አሸንፌያለሁ በላት።»

አልጠበቅሁም። «አንቺ?»

«እኔ። በሰፊው በላት።»

«ዘሀራ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«አበጀ፣ መልስ አምጣ ተባልህ እንጂ መሐላ አምጣ አልተባልህም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ጥሩዬ ናት አልሽ?»

«አባቴ አጠገቤ ቆሞ። እሷ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ። እኔ እኔ ይባላል?» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ተባለ። ሂድ፣ መኪናው ሳያመልጥህ።»

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ እስከ ግንደወይን ዘሀራ እውነቷን ነው አልሁ። ከግንደወይን እስከ ደብረ ወርቅ ደግሞ አይ፣ ጥሩዬ እንዳትጸጸት ብላ ነው አልሁ። ጨርቅ ቢሆን ክሩን መዝዤ፣ በክብሪት ለኩሼ፣ አሽትቼ እለያለሁ፤ ጥጥ የጥጥ ይሸታል፣ ናይሎን የናይሎን። የሰው ቃል ግን ሲቃጠል የሚሸተው አንድ ነው። ቢቸና ስደርስ የማውቀው ሞጣ ሳለሁ ከማውቀው ያነሰ ነበር።

ጥሩዬ ትራስ ተደግፋ አገኘኋት። ልጇ አጥሚት ይዛ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ጠየቅሃት?»

«ጠየቅኋት።»

«ምን አለች?»

«ያሸነፍሁት እኔ ነኝ አለች።» ማድረስ ካለብኝ እንዳለ ልስጥ ብዬ «በሰፊው አለች» አልሁ።

«በሰፊው?»

«በሰፊው።»

ጥሩዬ ብርድ ልብሱን ገፋች። «ዘሀራ ናት በሰፊው ያለችው? የመጨረሻዋን ኳስ መረብ ላይ አይደል እንዴ የሰካቻት? በዓይኔ አየኋት። ቃጫው ውስጥ ተሰክታ ቀርታ እኔው ራሴ ሄጄ ነቀልኋት። ከዚያ በፊት በግራዋ የላክሁባትን መች ነካቻት? ክንዷ ዝሎ ነበር እኮ። ሻርፗን ለማሰር እንኳ አቅቷት እኔ ነኝ ያሰርሁላት።» ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ፤ ልጇ አጥሚቱን መሬት አስቀምጣ ትከሻዋን ያዘች።

«እማዬ፣ ቀስ በይ።»

«ተይኝ። በሰፊው ትላለች!»

«ታዲያ አሸንፈሻል ማለት ነዋ» አልኋት። ሳላስበው ነው የወጣኝ። ካልሁ በኋላ ምን ማለቴ እንደሆነ ገባኝ፤ ለእሷም ገባት።

ጥሩዬ ትራሱ ላይ ተመለሰች። ልጇ እኔን ታያለች፣ እኔ የያዝሁትን ባርኔጣ አያለሁ። አንድ ነገር ልል አሰብሁ፤ ይሉኝታ ነው፣ ዘመኑ ነው፣ ማዳም ናት ልል።

«አሸንፌ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «አሸንፌ ነው የቀረሁት።» እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥታ አየችው፤ ውሃና ሳሙና የበላው እጅ ነው፣ ጣቶቹ አይዘረጉም። መልሳ አስገባችው። «መቼ ነው ሞጣ የምትሄደው?»

«መንገድ ከተከፈተ በሳምንቱ።»

«ለዘሀራ፣ ጥሩዬ ልክ ነሽ፣ ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ ብላለች በላት።»

«ጥሩዬ፣ አሁንም?»

«ያኔ ድሉን የሰጣት አፌ ነው፤ እኔ አላወቅሁም ነበር» አለች። «አሁን አውቄ ልስጣት።»

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረችና «ያ አጥሚት ቀዘቀዘ፣ አምጪው» አለቻት።